ምድጃ ላይ የሰቀልኩት ዘር

ዘሩን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ከጎረቤቴ ከዬር አፍ ብትሰሙት እሷ ሦስት እጥፍ አድርጋ ነው የምታወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመከር ወር አማቴ እማማ ዲን ወንድማቸው ዘንድ ሊሰነብቱ ወደ ታችኛው መንደር ወረዱ። ቤቱ ለኔ ቀረ። ሰው ቤቱ ለብቻው ሲቀርለት የሚያደርገውን ያጣል፤ እኔም ጠረግኩ፣ ፈተግኩ፣ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከቦታው አነሳሁ። አልጋቸው ሥር፣ ቀዝቃዛው የአፈር ግድግዳ ጥግ፣ አፉ የተደፈነ ቅል አገኘሁ። ውስጡ የቃጫ ዘር ነው። አይጥ ቅሉን መቦርቦር ጀምራለች። "ይኼማ አለቀለት" አልኩና ዘሩን ከረጢት ውስጥ ገልብጬ ከምድጃው በላይ፣ ከበቆሎው ጎን ሰቀልኩት። በኛ አገር በቆሎ ጭስ ካልጠገበ ነቀዝ ይፈጀዋል። ለበቆሎ የበጀ ለቃጫ ምን ይሆናል ብዬ ነው። ጎበዝ ነኝ ብዬም ኮራሁ። የቃጫ ዘር ግን ሆዱ ዘይት ነው፤ የብርዱን ወራት ሙሉ ከእሳት በላይ ሲንጠለጠል ቀስ ብሎ ይቆላል። እሳቸው ሲመለሱም ከረጢት ለመቀየር እንጂ ለክፉ ያደረግኩት ስላልመሰለኝ ምንም አላልኳቸውም።

ቃጫ የምለው የከተማ ሰው ካናቢስ የሚለውን ነው። ፖሊስ ስሙን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። የኛው ግን የሚለበስ እንጂ የሚጨስ አይደለም፤ ላጭስ ያለ ሰው ራስ ምታት ነው የሚያተርፈው። ግንዱን ልጠን፣ ፈትለን፣ ሸምነን ቀሚስ እናደርገዋለን። በቁማችን የቻይናውን ልብስ እንለብሳለን፤ ቀላል ነው፣ ቀለሙም ደማቅ ነው። ስንሞት ግን ያለ ቃጫ አንቀበርም። ያለ ቃጫ የሄደችን ሴት ቀድመዋት የሄዱት ዘመዶቿ አያውቋትም፤ "ይቺ ደግሞ የማን ናት?" ብለው ደጅ ያስቀሯታል።

አማቴ በወጣትነታቸው ለራሳቸው የሸመኑት የመቀበሪያ ቀሚስ ነበራቸው። በየዓመቱ ከሳጥን አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። ዘሩን ከመስቀሌ በፊት በነበረው ክፉ ብርድ ግን የዬር እናት ድንገት ሞተች፤ የሷ ቀሚስ ገና ግማሹ መሸመኛው ላይ ነበር። ዬር ፀጉሯን እየነጨች ስታለቅስ አማቴ ሳጥናቸውን ከፍተው የራሳቸውን ይዘው ወጡ። "እንቺ አልብሻት። እኔ ገና ነኝ፣ እሸምናለሁ" አሉ። በዚያው ዓመት ለዘር የተተወውን ቃጫ በረዶ መታው። በተከታዩ ዓይናቸው ደከመ። እንግዲህ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቷቸው ቀሚስ የለ፣ ያለው ያ አንድ ቅል ዘር ብቻ።

"ዶንግ ቫን ገበያ የቃጫ ዘር ሞልቶ የለም እንዴ? አንድ ጣሳ ላምጣልዎት" ብያቸው ነበር።

"አምጪና ራስሽ ልበሺው።"

"ምን ልዩነት አለው እማማ? ቃጫ ያው ቃጫ ነው።"

"እናቴ ዓይኗ ጠፍቶ ነው የሞተችው" አሉኝ። "እዚያ ስደርስ በመልኬ አታውቀኝም፤ ቀሚሴን በጣቷ ዳስሳ ነው የምታውቀኝ። ይኼ ዘር የሷ ነው፤ ስዳር በመቀነቴ ቋጥራ የሰጠችኝ። የሌላ ሰው ክር ይዤ ብሄድ 'ወግጂ፣ አላውቅሽም' ትለኛለች። ትላለችም፤ ክፉ ነበረች።"

በኛ ዘንድ ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ቤት ዘር ቋጥራ ነው የምትወጣው። እኔ ግን፣ ሱዋ ነኝ ስሜ፣ እናቴ ጡት ሳልጥል ስለሞተችብኝ ባዶ እጄን ነው እዚህ ቤት የገባሁት። ያኔ አማቴ ሲናደዱ "አንዲት ፍሬ እንኳ ሳትይዝ የመጣች" ይሉኝ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው፤ ማለቱንም ከተዉት ቆይተዋል። እኔ ግን አልረሳሁትም።

በሦስተኛው የጨረቃ ወር ከቤት ጀርባ ያለውን መደብ ቆፍሬ ከዘሩ አብዛኛውን ዘራሁት። ቃጫ ለወትሮው በአምስት በስድስት ቀን ብቅ ይላል። ስድስት ቀን ጠበቅኩ፣ ምንም። አሥር ቀን፣ ምንም። አረሙ እንኳ አላፈረም፣ እሱ በቀለ።

አማቴ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ጎንበስ ብለው አፈሩን ጫሩና አንዲት ፍሬ አውጥተው አሸተቷት።

"ሱዋ።"

"አቤት እማማ።"

"ይኼ ዘር ጭስ ጭስ ይላል።"

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀልቤ ተገፈፈ። መዋሸት እችል ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ሁለት ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር፣ አንዱ በአይጥ አንዱ በባሌ በሴንግ የሚሳበብ። ግን እኚያን የደከሙ ዓይኖች ሳይ አቃተኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት፤ ከበቆሎው ጋር።"

በዘንጋቸው ቁርጭምጭሚቴን ጠቅ አደረጉኝ። ያማል እኮ! "ከበቆሎ ጋር!" አሉ። "የኔን እናት ከበቆሎ ጋር አጨስሻት!"

አልቅሼ አላባራ አልኩ። እሳቸው "በቃ፣ መደቡን በዕንባ አታጥግቢው" አሉ። "ምን ቀረ?"

"ከረጢቱ ውስጥ ጭብጥ የማትሞላ።"

"እንግዲያውስ ሁለት ዓመት መኖር አለብኝ። ዘንድሮ ለዘር፣ ከርሞ ለቀሚስ።" በጣታቸው ቆጠሩ። "ሰማንያ ሦስት። ክፉ አይደለም።"

በዚያ ሰሞን ልጄ ፓንያ ከከተማ ለዕረፍት መጥታለች። እርሻ ነው የምትማረው፤ በቤታችን መነጽር ያላት እሷ ብቻ ናት። ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አራገፍነው። ዬርም ትርምስ ካለበት ቤት አትጠፋምና እንደልማዷ ሳትጠራ ገብታ ተቀመጠች። እንዴት አድርገን እንደምናበቅለው ምክር ተጀመረ፤ ምክሩ ወዲያው ጭቅጭቅ ሆነ።

"ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው" አልኩ እኔ። "የደረቀ ነገር ውሃ ይጠማዋል።"

"እማዬ፣ ብዙ ከዘፈዘፍሽው ይታፈናል፤ ዘርም ይተነፍሳል" አለች ፓንያ። "እርጥብ ወረቀት መሀል አድርጎ፣ በሁለት ሳህን ከድኖ፣ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ነው።"

"ሳህን!" ዬር ሳቀች። "ምሳ ልታቀርቢለት ነው? ዘር የሚያውቀው መሬት ነው። የፍየል በረት አፈር፣ አንድ አንጓ ጣት ጥልቀት፣ አለቀ።"

"እናንተ ዝም በሉ" አሉ አማቴ። "እናቴ መጥፎ ዓመት ሲመጣ በእርጥብ የቃጫ ጨርቅ ቋጥራ ሆዷ ላይ፣ ከመቀነቷ ሥር ታስረው ነበር። እኔም ሆዴ ላይ ነው የማስረው።"

ሴንግ የበቆሎ አረቄውን ይዞ ጥግ ተቀምጦ ነበር። "እናቴ በሰማንያ አንድ ዓመቷ ልታረግዝ ነው" አለ።

"ዝም በል! አንተን አርግዤ ምን አተረፍኩ?" አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ፓንያ ግን መላ አመጣች። ሁሉንም በአንድ መንገድ ብንሞክርና ብንሳሳት ሁሉም ያልቃል፤ ስለዚህ ለአራት እንካፈለው አለች። ፍሬው ተቆጠረ፣ ሁለት መቶ አርባ። ለያንዳንዳችን ስድሳ ማለት ነው። "እኔ አካፍላለሁ" አሉ አማቴ።

"አያቴ፣ ዓይንሽ ደክሞ የለ?"

"ጣቴ አልደከመም።"

አንድ በአንድ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው እያሹ፣ እየተከዙ፣ አራት ቦታ ቆለሉት። በእርጋታቸው ሁላችንም ተደነቅን።

እኔ ድርሻዬን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኩ። አንድ ቀን ሲበቃ ሦስት ቀን አቆየሁት፤ ያጠፋሁትን ለመካስ ውሃም ባበዛ ጊዜም ባበዛ የተሻለ መስሎኝ። ሰው ሲደነግጥ ሁሉን ነገር ያበዛል። ዬር ጓሮዋ ውስጥ ቀበረችና ላዩን እየረገጠች ፎከረች። ፓንያ ሳህኖቿን ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀች፤ ጧት ማታ ከፈት አድርጋ አየር ታስነካቸዋለች፣ ውሃ በጣቷ ትረጫለች። አማቴ ደግሞ ቋጠሯቸውን አስረው እንደ እርጉዝ ወገባቸውን ይዘው መንደሩን ዞሩ። "ስንት ወርሽ ነው እማማ ዲን?" ይሏቸዋል። "ሦስት ቀኔ ነው፣ ምጥ ሲመጣ እጠራችኋለሁ" ይላሉ።

በአራተኛው ቀን ጧት ከአልጋቸው አልተነሱም። ግንባራቸውን ብነካው እሳት ነው።

"እርጥብ ጨርቅ ሆድ ላይ አስሮ መዋል ምን ያመጣል ታዲያ!" ብሎ ሴንግ ጮኸ። "ፍቱት!"

አማቴ ሁለት እጃቸውን ቋጠሮው ላይ አደረጉ። "የሚፈታው ካለ ጣቱን እነክሳለሁ።"

"በስንት ጥርስዎ?" አልኩ፣ ለማሳቅ። አልሳቁም።

ፓንያ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። "እማዬ፣ ለሷም ጥሩ አይደለም፣ ለዘሩም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሙቀት ይወዳል እንጂ ትኩሳት አይወድም። ጨርቁም በሷ ሙቀት ይደርቃል። ማታ ድረስ እንዲሁ ከቆየ አበቃለት።" ይኼን ብላኝ ከጤና ጣቢያ መድኃኒት ልታመጣ ወረደች።

ብቻዬን ቀረሁ። አንድ ጊዜ በእሳት ገድዬዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በሳቸው ትኩሳት ዓይኔ እያየ ሊሞት ነው። ብነካው ሊነክሱኝ፣ ባልነካው ያለ ቀሚስ ሊቀሩ። በመጨረሻ ከሳጥናቸው ልክ የሳቸውን የመሰለ ቁራጭ የቃጫ ጨርቅ ፈልጌ፣ ያገኘሁትን ፍሬ ቋጠርኩበት። ያገኘሁት በቆሎ ነበር፤ ሌላ ምን ይገኛል በኛ ቤት? እሳቸው እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋቸው የዘሩን ቋጠሮ ቀስ ብዬ ፈታሁና የበቆሎውን አሰርኩላቸው፤ ደረቁን። የሳቸውን በንጹህ ውሃ ነካ አድርጌ የራሴ ሆድ ላይ፣ ከመቀነቴ ሥር ቋጠርኩት።

ሁለት ቀን ተሸክሜው ዋልኩ። አሳማ ስቀልብ፣ እንጨት ስሸከም፣ ለሳቸው ሾርባ ሳጠጣ። በየሰዓቱ ጨርቁን በጣቴ አረጥባለሁ፤ ለብቻዬ ጓዳ ገብቼ "በሉ እንግዲህ፣ ልጆቼ፣ አታሳፍሩኝ" እላለሁ። ፓንያን ስወልድ እንኳ እንዲህ አልተለማመጥኩም። ለማንም አልነገርኩም፣ ለሴንግም ለፓንያም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ላብ አጠመቃቸውና እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔም በዚያው ቋጠሮውን መለስኩላቸው። ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁት ምግብ ነው፤ ቀጥሎ "ሰብስቢያቸው፣ ይፈታ" አሉኝ።

ሁላችንም የየራሳችንን ይዘን ቀረብን። የኔው አሳፋሪ ነው። የዘፈዘፍኩበትን ዕቃ ሳነሳው የሸተተው ሽታ ዬርን ከወንበሯ አስነሳት፤ ሁለት ፍሬ ብቻ አፋቸውን ከፍተዋል፣ የቀረው በስብሷል። ከዬር ጓሮ አምስት ብቅ ብለው ነበር፤ ሦስቱን የገዛ ዶሮዋ ለቀመቻቸው። "ያቺን ዶሮ ዛሬውኑ እቀቅላታለሁ!" አለች። የፓንያ አሥራ አራት ነጫጭ ጅራት አወጡ፤ ልጄ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ተጎማለለች።

አማቴ ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በዝግታ ፈቱት። ጨርቁ ሲገለጥ ውስጡ ነጭ በነጭ ነበር፤ ጅራታቸው እርስ በርሱ ተጠላልፏል። ፓንያ ቆጠረች። ሠላሳ ስምንት።

"እሰይ!" ብዬ ጮህኩ። ዕንባዬ መጣ። ዬርም አጨበጨበች፣ ከልቧ እኮ ነው፤ ያቺን ቀሚስ አልረሳቻትም።

ፓንያ ግን የአያቷን ያልበቀሉትን ፍሬዎች መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠች። ከዚያ የኔን አየች፣ የራሷን አየች፣ መነጽሯን ጠረገች። "አያቴ" አለች፣ "ያንቺ ዘሮች በሙሉ ወፍራምና ጥቁር ዥንጉርጉር ናቸው። የኛ ግን ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ የተሰነጠቀ።"

"አዎ?"

"መርጠሻል! ስታካፍይ ከባድ ከባዱን ለራስሽ አደረግሽ!"

"ታዲያስ? ለዬር ዶሮ ልስጥ?"

"ይኼ እኮ ማወዳደር አይደለም! ለማወዳደር ዘሩ እኩል መሆን አለበት! አሁን ያንቺ መንገድ ይሻል የኔ ይሻል በምን እናውቃለን?"

"እኔ ልወዳደር አልመጣሁም" አሉ አማቴ። "ልለብስ ነው።"

ፓንያ እጇን ወደ ላይ አነሳች። ሴንግ ከሳቁ ብዛት አረቄው ትን አለው። ልጄ ግን አልተሸነፈችም፤ ማታውን ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ "መጀመሪያ በጣት መምረጥ፣ ከዚያ እርጥበትና ለብ ያለ ሙቀት፣ ውሃ አለማብዛት፣ አየር ማስነካት" ብላ። ሳህንም ሆነ ሆድ ለዘሩ አንድ ነው አለችኝ፤ የሚለየው ማን ቶሎ ቶሎ ያየዋል ነው። እኔ ሆዴን ዳሰስ አደረግኩ።

የበቀሉትን ሁሉ ሥራቸውን ወደ ታች አድርገን በዬር የፍየል በረት አፈር ውስጥ ተከልናቸው፤ አፈሩስ እውነትም ግሩም ነበር። ለቀሚስ ሲሆን ቃጫ ተጠጋግቶ ነው የሚዘራው፣ ቀጥ ብሎ እንዲያድግ። ይኼ ግን ለዘር ስለሆነ አራርቀን ተውነው። አርባ አንድ ተረፉ፤ ቅርንጫፍ አወጡ፣ አጥር አከሉ። በመከር አንድ ቅል ሙሉ ዘር ሰበሰብን። ቅሉን ቀዝቃዛው ግድግዳ ጥግ ሳስቀምጥ አማቴ ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። "በቆሎ የት ነው?" አሉ። "ምድጃ ላይ" አልኩ። "ጎሽ።"

በዓመቱ መደቡን ሙሉ ዘራን። ቆርጠን አደረቅን፣ ላጥን፣ ወቀጥን። ክሩን እንደ ወጉ መንገድ እየሄድን ጫፍ ለጫፍ ገጠምነው፤ ገበያ ስንወርድ፣ ውሃ ስንቀዳ፣ እጃችን ሥራ አልፈታም። በአመድ ቀቅለን አነጣነው። የሸመንኩት እኔ ነኝ። አማቴ ዓይናቸው ጨርሶ ስለጠፋ አጠገቤ ተቀምጠው ጨርቁን በጣታቸው እየዳሰሱ "እዚህ ጋ ላላ ብሏል፣ ፍቺው" ይላሉ። ስንት ጊዜ አስፈቱኝ መሰላችሁ! አንድ ጊዜ ተናድጄ የሽመናውን መወርወሪያ አሽቀንጥሬዋለሁ። "እናትሽ አላስተማረችሽም" ሳይሆን "አንሺውና ቀጥይ" ነው ያሉኝ።

ከአዲስ ዓመታችን በፊት ጨርቁ ከመሸመኛው ወረደ። አማቴ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ ጉንጫቸውንም አስነኩት። "እሱ ነው" አሉ። ፊታቸው በራ። እኔም ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ያን ቀን ወረደልኝ።

መቀስ አመጣሁ።

"ሁለት ቦታ ቁረጪው" አሉኝ።

"ሁለት ለምን? የርስዎ ቀሚስ አንድ አይደል እንዴ?"

"አንቺስ ምን ለብሰሽ ልትመጪ ነው? የቻይናውን?"

መቀሱን ይዤ ቀረሁ። "እማማ፣ ይኼ እኮ የእናትዎ ዘር ነው። እኔ ምንም ይዤ አልመጣሁም፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት።"

"ብያለሁ። ምላሴ ክፉ ነው፣ እናቴን ነው የወጣሁት።" እጃቸውን ሰደዱና ሆዴን ፈልገው አገኙት፤ መዳፋቸውን መቀነቴ ላይ አሳረፉ። "በቆሎና የቃጫ ዘር የማይለይ ጣት ያለኝ መሰለሽ? ሁለት ቀን በቆሎ አስረሽብኝ ተኛሁ። ያ ዘር የማን ሆድ ላይ እንደበቀለ አውቃለሁ።"

እንደ ሕፃን ተነፋረቅኩ።

"እኔም እዚያ የምደርሰው ዓይኔ ጠፍቶ ነው" አሉ። "ብዙ ሴት ይመጣል። አንቺ ስትመጪ በጣቴ ዳስሼ ነው የምፈልግሽ። በይ አሁን ቁረጪ፤ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ።"

ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት። ዘንድሮ ሰማንያ አራት ሞላቸው፤ ትናንትም ከዬር ዶሮ ጋር ሲጣሉ ነው የዋሉት። ሁለቱ ቀሚሶች በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ የኔው ከሳቸው ሥር። በየዓመቱ አንድ ላይ አውጥቼ ፀሐይ አስመታቸዋለሁ።